ኃላፊ ከሆናችሁ በኋላ ሥራውን ማን አስተማራችሁ?

ሽምብጥ ዳር (የውይይቱ ጀማሪ)
ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ባሕር ዳር በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቡድን መሪ ነኝ፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር። የምጠይቀው ስለ ስልጠና አይደለም። ስልጠናማ ሞልቷል፤ የካይዘኑም፣ የቢፒአሩም፣ የውጤት ተኮሩም የአሠራር ማሻሻያ ሰርተፍኬት መሳቢያዬ ውስጥ ተደርድሯል።

ግን ሁለት ባለሙያ ሲኮራረፍ የቱን ቀድሜ እንደማናግር፣ ሰኔ ላይ በጀት ሊዘጋ ሲል ከሚመጣው የግዥ ጥያቄ የቱን «እሺ» የቱን «ሐምሌ ይሁን» እንደምል አንዱም አሰልጣኝ አልነገረኝም። የተማርኩት ከቀድሞው አለቃዬ ነው። እሱም አስተምሮኝ አይደለም። አንድ ክፍል ውስጥ ስለምንቀመጥ ስልክ ሲያወራ እሰማለሁ፤ ባለጉዳይ ሲጮህበት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወንበር ሲስብለት አያለሁ።

አሁን ሌላ ሕንፃ ገብተናል። እያንዳንዱ ኃላፊ የራሱ በር አለው። ደብዳቤ ይመጣል፣ እመራለሁ፤ ሪፖርት ይጠየቃል፣ እልካለሁ። ሥራው አልቆመም፤ እኔ ግን እየተማርኩ አይመስለኝም። ከዚያ በላይ ደግሞ እስካሁን «ተጠባባቂ» ነኝ።

እናንተስ? ኃላፊነትን ከየት ተማራችሁት? የሥራው ሁኔታ ነው ወይስ የሰውየው ትጋት?

ፈረቃ ለ
እኔ ክር ፈተላ ላይ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ፋብሪካውን አልጠራም። የእኛ ትምህርት ቤት ርክክብ ነበር። ወጪው ፈረቃና ገቢው ፈረቃ ማሽኑ አጠገብ ይገናኛሉ። የሌሊቱ ኃላፊ መዝገቡን ይዞ «ያ ጥግ ያለው ማሽን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ክር እየበጠሰ ነው፤ መካኒክ አይቶታል፣ ማሽኑ ደህና ነው» ይልሃል። «ታዲያ ምን ሆነ?» ስትለው ጣቱን ወደ ጣሪያው ይቀስራል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አየሩ ሲደርቅ ጥጡም ይደርቃል፤ የደረቀ ጥጥ ደግሞ አይችልም፣ ይበጠሳል። የእርጥበት መርጫው አፍንጫ ከተደፈነ ማሽኑን ስትፈታ ስታስር ብትውል ለውጥ የለውም። ይህን መጽሐፍም ይለዋል። የትኛው ጥግ ቀድሞ እንደሚደርቅ፣ ከሠራተኞቹ ማን ቀድማ እንደምትነቃበት የሚነግርህ ግን ሲጠብቅ ያደረው ሰው ነው።

በኋላ «ሁለት ፈረቃ በአንድ ጊዜ ግቢ ውስጥ ማቆየት ወጪ ነው» ተባለና ርክክቡ በወረቀት ሆነ። ፎርም ተሠራለት፦ የማሽን ቁጥር፣ የቆመበት ሰዓት፣ ምክንያት። ምክንያት ተብሎ የተተወው ቦታ ሦስት ቃል አይይዝም። «ክር መበጠስ» ተብሎ ይጻፋል፤ አለቀ።

አዲሶቹ የፈረቃ ኃላፊዎች ሰነፎች አይደሉም። ዲግሪያቸውን ከዚሁ ከዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ ይዘው የመጡ፣ ከእኔ በላይ የተማሩ ልጆች ናቸው። የሚጠይቁትን ሰው የሚያገኙት ግን በር ላይ ሰርቪስ ሊሳፈር ሲሮጥ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ትጋት ሳይሆን ያቺ ርክክብ ናት የጎደለችው።

አባይ ማዶ
እኔን ያስተማረችኝ ጸሐፊዬ ናት። ከእኔ በፊት የነበሩትን ኃላፊዎች ሁሉ ተቀብላ ሸኝታለች። «ይሄን አይፈርሙ፣ ኦዲት ያነሳዋል» ካለችኝ አልፈርምም። በማኔጅመንት ማስተርስ አለኝ፤ እስከዛሬ ያዳነኝ ግን የእሷ «አይፈርሙ» ነው ሃሃሃ።

ሐይቅ ዳር
የምታሙትን ስልጠና ሻይና ቡና የማቀርበው እኔ ነኝ። የአንድ ሆቴል የምግብና የአዳራሽ ኃላፊ ነኝና ከጓሮ በኩል የሚታየውን ልንገራችሁ።

ክረምት መግቢያ ላይ የወረዳ ኃላፊዎች ስልጠና ነበር። በሻይ ሰዓት አንዱ ከደብረ ታቦር በኩል፣ ሌላው ከጎጃም ወገን የመጡ ሁለት ሰዎች ናፕኪን ላይ መንገድ እየሣሉ ይከራከራሉ። ነገሩ ማዳበሪያ ነው። ዝናቡ ሳይጠነክር ከመጋዘን ወደ ቀበሌ ሲወርድ የትኛው ቀበሌ ይቅደም? የጎጃሙ «ቅርብ ያለውን ቶሎ ጨርሰን ወደ ሩቁ ነው የምንሄደው» ይላል። ያኛው «ተው! እኛ መጀመሪያ መንገዱ የሚዘጋበትን ነው የምናደርሰው። የቅርቡ ገበሬ መኪና ቢቀርበት በጋሪም በአህያም መጥቶ ይወስዳል፤ ጭቃ የዘጋበት ግን እስከ መስከረም አታገኘውም» አለው። የጎጃሙ ሰውዬ ትንሽ ዝም አለና ናፕኪኑን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ወዲያው አስተባባሪው መጥቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ፕሮግራም ስለዘገየብን ከሰዓት በኋላ ያለውን የሻይ ሰዓት አሳጥርልን።» ገብተው የሚያዩት ስላይድ ደግሞ ስለ ሎጂስቲክስ አመራር ነበር።

እኔ ብሆን ሻዩን አስረዝሜ ስላይዱን አሳጥር ነበር። ግን አበል የሚከፈለው ለስላይዱ ነው።

ጡረተኛው
ልጆች፣ ሳነብ ቆይቼ ነው። ሁሉንም በሥራ ሁኔታ ማሳበብ ደስ አላለኝም። በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ደመወዝ፣ በአንድ አለቃ ሥር ከሠሩ ሁለት ሰዎች አንዱ በስሎ፣ አንዱ ጥሬውን ጡረታ ሲወጣ አይቻለሁ። በእኛ ጊዜ የግል ቢሮ ያለው ኃላፊም እግሩን አንስቶ መዝገብ ቤት ይወርድ ነበር። በር መኖሩ አይደለም ችግሩ፤ ሽምብጥ ዳር ልጄ፣ በሩን የሚከፍት እጅ አለሽ አይደለም እንዴ?

ፔዳ ግቢ
ጋሼ፣ ያሉት እውነት አለበት፤ ግን ሁለቱን ሰዎች ሲያወዳድሩ ወንበሩ አንድ ዓይነት መሆኑን እርግጠኛ ነዎት? ይህን ነገር የማስተምረው ስለሆነ ትንሽ ልጨምር።

ሮበርት ካራሴክ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት ሥራን በሁለት ነገር መዝኖታል። አንዱ ጫናው ነው፤ ሌላው ሠራተኛው በሥራው ላይ ያለው የመወሰን ነፃነት። ጫናውም ነፃነቱም ከፍ ሲል ሰው ይማራል፣ ያድጋል። ጫናው ከፍ ብሎ ነፃነቱ ሲጠብ በውጥረት ይታመማል። ሁለቱም ዝቅ ሲሉ ደግሞ ያለውንም ችሎታ እያጣ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራ መብዛቱ ብቻውን አይጎዳም፤ ሥራ በዝቶ ውሳኔው የሌላ ሰው ሲሆን ነው የሚጎዳው።

ጠያቂዋ «ተጠባባቂ ነኝ» ብላ በአንድ መስመር ያለፈችውን እኔ ዋናው ነገር እለዋለሁ። ስለ በሩ ጽፋ ጽፋ ይህን መጨረሻ ላይ ጣል አደረገችው።

በነገራችን ላይ ስልጠና ላይ «ከመቶ 70 ከሥራ፣ 20 ከሰው፣ 10 ከስልጠና» የሚባለውን ሳትሰሙ አትቀሩም። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኃላፊዎች «ከምን ተማራችሁ?» ተብለው ራሳቸው አስታውሰው የመለሱት ነው። በሚዛን የተለካ አድርጋችሁ አትውሰዱት።

ሽምብጥ ዳር
ጋሼ፣ ምክርዎን በአክብሮት ተቀብያለሁ፤ መዝገብ ቤትም እወርዳለሁ። ፔዳ ግቢ ያልከው ግን ነካኝ፤ እስቲ ተጠባባቂነት ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ።

አንድ ባለሙያ ዝውውር ይጠይቃል እንበል። ፋይሉን አያለሁ፣ ሰውየውን አነጋግራለሁ፣ የሥራውን ክፍተት አስባለሁ። ከዚያ «ለውሳኔ ይቅረብ» ብዬ ወደ ላይ እመራዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ሥልጣኑ የለኝም። ሲመለስ ጥጉ ላይ «ይፈጸም» የሚል ቃልና ፊርማ አለበት። በሚቀጥለው ሳምንት ቁርጥ እሱን የመሰለ ሌላ ጥያቄ ይሄዳል፤ «አይቻልም» ተብሎ ይመለሳል። ያኛው ለምን ተፈቀደ? ይሄኛው ለምን ተከለከለ? ወረቀቱ ላይ ምንም የለም። ሄዳችሁ ብትጠይቁ «ውሳኔ ትከራከራለች» ይባላል። ባለሙያው ደግሞ እኔን ነው የሚጠይቀኝ፤ መልሴ «ከላይ ነው» ብቻ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ምን ልማር? ብሳሳት እንኳ ስህተቱ የእኔ አይደለም፤ ልክ ብሆንም ልክነቱ የእኔ አይደለም።

ሲስተር ዘ16
እኔ ነርስ ነኝ፤ አሁን የአንድ ክፍል ኃላፊ። የት እንደሆነ ይለፈኝ። ስለ ውሳኔ ብዙ ተባለ፤ እኔ ስለ ፍርሃት ልበል።

የአጋጣሚ መመዝገቢያ ቅጽ ነበረን። መድኃኒት በሰዓቱ ያልተሰጠ፣ መጠን የተዛባ፣ ታካሚ የወደቀ እንደሆነ የሚሞላ። የመጀመሪያው ረድፍ «ድርጊቱን የፈጸመው ሠራተኛ ስም» ይላል። ቅጹ ባዶ ነበር። ወሩን ሙሉ ባዶ። በሪፖርት ላይ ሲታይ ክፍሉ ምንም ችግር የሌለበት ገነት ነው።

ኃላፊ ስሆን ስም የሚለውን ረድፍ አስወጣሁና በቦታው «ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ምን እየሆነ ነበር?» የሚል አስገባሁ። ቀስ በቀስ መጻፍ ጀመሩ። ከሚጻፈው ያየሁት አንድ ነገር፦ የመጠን መዛባት የሚበዛው ማታ ተረኛዋ ብቻዋን ሆና አስታማሚዎች ሲከቧት ነው። ስለዚህ አስታማሚ የሚገባበትን ሰዓትና የማታውን መድኃኒት ሰዓት አራራቅናቸው። ይህን የነገረኝ ስልጠናም አለቃም አይደለም። ሠራተኞቼ ናቸው፤ ያውም ላለመናገር ምክንያት ስላጡ።

ቅጹ ሲሞላ ግን ሪፖርታችን «ተበላሸ»። ከላይ «ክፍልሽ ውስጥ ስህተት ለምን ጨመረ?» የሚል ጥያቄ መጣ። ለማስተርሴ ሳነብ ያገኘሁትን ይዤ ሄድኩላቸው፦ ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሆስፒታል ቡድኖችን ስታጠና ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ከሌሎቹ የበለጠ የመድኃኒት ስህተት መዝግበው አገኘቻቸው። ስህተት ስለሚያበዙ ሳይሆን መናገር ስለማይፈሩ እንደሆነ ነው የተረዳችው። አለቆቼ ያመኑኝ አይመስለኝም፤ ግን ቅጹን አላስቀየሩኝም።

ጡረተኛው
ሲስተር፣ እጅሽ ይባረክ። ነገር ግን እኔ ያደግኩት ሂስና ግለ ሂስ ባለበት ነው። ሰው ስሙ ተጠርቶ ሲወቀስ የሚማርም አለ። ስም ከጠፋ ኃላፊነትም ይጠፋል ብዬ እሰጋለሁ።

አባይ ማዶ
ጋሼ፣ ግምገማ ላይ እኔ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ የራስን ድክመት ሲጠይቁህ ጥንካሬ የሚመስል ድክመት መጥቀስ። «ሥራ አበዛለሁ፣ ለራሴ ጊዜ አልሰጥም» ትላለህ፤ መድረክ መሪው ይጽፋል፤ ሁሉም ይስቃል፤ ቀጣይ!

ሲስተር ዘ16
ሃሃ! ጋሼ፣ ሆን ብሎ ያጠፋማ ስሙ ይጠራ፤ ለእሱ የዲሲፕሊን መንገድ አለው። እኔ የምለው የሚያስተምረውን ወረቀትና የሚቀጣውን ወረቀት አንድ ካደረግናቸው የሚያስተምረው ባዶ ይቀራል ነው።

ቆሮሶ
እናንተ ቢሮ ቢሮ ትላላችሁ፤ እኔ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር አመራር ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ነው። የተማርኩት ሚዛን ላይ ቆሜ ነው።

ጠዋት ጀልባውም ታንኳውም ሲገባ ዓሣ መዛኝ እኔ ነበርኩ። ቆሮሶ ለብቻ፣ አምባዛ ለብቻ፣ ነጭ ዓሣ ለብቻ። ሚዛን ላይ የቆመ ሰው የማይሰማው የለም። መረቡ በእምቦጭ የተያዘበት፣ ወንዝ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ፣ ነጋዴ ቀድሞ ብር ያበደረው ሁሉ እዚያ ይታወቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነጭ ዓሣው ሊራባ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ሽቅብ ሲወጣ ወንዝ አፍ ላይ መዝጋት የነገውን መብላት ነው። ማን እየዘጋ እንደሆነ የማውቀው በወሬ አይደለም፤ ዕንቁላል የቋጠረ ዓሣ ማን እንዳመጣ ሚዛኑ ላይ ዓይኔ ያየዋል። ከዚያ ማንን በሽማግሌ፣ ማንን በቅጣት፣ ማንን በዝምታ እንደምይዝ እዚያው ነው የለመድኩት።

አሁን «አመራር ሚዛን ላይ አይቆምም» ተብሎ ቢሮ ተሰጠኝ። መዛኝ ተቀጠረ። ማታ ማታ ቁጥር ያመጣልኛል፤ ይህን ያህል ኪሎ። ኪሎው ልክ ነው፤ ልጁም ታማኝ ነው። ዕንቁላሉ ግን ወረቀት ላይ የለም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዉ እየሳቀብኝ ሚዛኑን እየተቀበልኩት ነው።

ቅርንጫፍ
ባንክ ውስጥ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። የእኛ በሽታ ሌላ ነው፤ ነፃነቱ መጠነኛ ነው፣ ጊዜው የለም። ጠዋት የተቀማጭ ዕድገት ቁጥር በቴሌግራም ይላካል፣ ከሰዓት ይላካል፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ «የዛሬ አፈጻጸም?» ይባላል። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ በስልክ ይደወላል።

ሠራተኞቼ ከሰዓታቸው በላይ ከሠሩ የትርፍ ሰዓት አላቸው። እኔ የለኝም። ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መሪን አይመለከትም፤ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚለው ጣሪያ እኛን አይሸፍንም። ይህ ከመማር ጋር ምን ያገናኘዋል ትሉ ይሆናል። የሆነውን ነገር ተቀምጦ የሚያስብበት ሰዓት ይወስድበታል። ያበደርኩት ሰው ለምን እንዳልከፈለ የማስበው ባጃጅ ውስጥ ነው፤ ቤቴ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

ዝውውሩስ? ብድር ፈቅደህ ውጤቱ ሳይታይ ወደ ሌላ ከተማ ትዛወራለህ። ጥሩ ወስኜ ይሁን መጥፎ የሚያውቀው ከእኔ በኋላ የመጣው ሰው ነው። እሱም የእኔን ውጤት ያያል እንጂ ለምን እንደወሰንኩ አያውቅም።

ፔዳ ግቢ
የቅርንጫፍ ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉም የከበደ ነው። ከተግባር መማር ማለት የሠራኸው ነገር ተመልሶ ሲመጣብህ ማየት ነው። ኃላፊን ቶሎ ቶሎ የሚያዛውር መሥሪያ ቤት ልምድ ያለው ኃላፊ እያፈራ ይመስለዋል፤ የሚያፈራው ግን ጀምሮ መጨረሻውን ያላየ ሰው ነው። ለሙስና መከላከያ ተብሎ እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ ዋጋው ግን አይሰላም።

ጊዜ ስለማጣት ግን ትንሽ ልሟገትህ። ሄንሪ ሚንትዝበርግ አምስት ዋና ሥራ አስፈጻሚዎችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው ጥናት ላይ ከሚሠሯቸው ነገሮች ግማሽ ያህሉ ከዘጠኝ ደቂቃ በታች የሚያልቁ ነበሩ። የኃላፊ ሥራ ድሮም፣ የትም ቁርጥራጭ ነው። ጸጥ ያለ ሰዓት ካልተሰጠኝ አልማርም ካልን ማንም አይማርም። ፈረቃ ለ የነገረን ርክክብ፣ የሐይቅ ዳር ናፕኪን፣ የቆሮሶ ሚዛን ሁሉም ከሥራው መሐል ናቸው፤ ለብቻቸው የተመደበ ሰዓት አልነበራቸውም።

ቅርንጫፍ
ዶክተር፣ ርክክቡም የሻይ ሰዓቱም ሚዛኑም በየሰበቡ መነካታቸውን አንብበሃል አይደል? ሦስቱም ጊዜ ነበሩ። ስም ያልወጣለት ጊዜ።

ፔዳ ግቢ
ይህን ተቀብያለሁ። ክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ፤ በስምህ፣ ማለትም «ቅርንጫፍ» ብዬ።

ሽምብጥ ዳር
ወደ ውይይቱ ዘግየት ብዬ ተመለስኩ። የሆነውን ልንገራችሁ።

የቅርብ አለቃዬ ዘንድ ገባሁና ሁለት ነገር ጠየቅኩ። አንደኛው የውክልና ደብዳቤ ነው፤ የዓመት ፈቃድ፣ በቡድኑ ውስጥ የሥራ ድልድልና አነስተኛ የጽሕፈት ዕቃ ጥያቄ በእኔ ፊርማ እንዲያልቅ። «ተጠባባቂ ስለሆንሽ የሰው ሀብት ሊቃወም ይችላል፤ እስቲ እናያለን» አለኝ። «እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው ቀሎት ነበር። «ይፈጸም ወይም አይቻልም ሲሉ ከሥሩ አንድ መስመር ምክንያት ይጻፉልኝ» አልኩት። ለትንሽ ጊዜ አየኝና «በቀለም ከጻፍኩ ነገ እሱ ራሱ መከራከሪያ ይሆናል፤ በእርሳስ ልጻፍልሽ» አለ። እና እየጻፈ ነው! ትናንት አንድ የዝውውር ጥያቄ «አይቻልም» ተብሎ መጣ፤ ከሥሩ በእርሳስ «ሰውየው ብቻ ነው የቆጠራውን ሥርዓት የሚያውቀው፤ መጀመሪያ ሌላ ሰው ያሰልጥን፣ ከዚያ ያቅርብ» ይላል። ለባለሙያው ይህንኑ ነገርኩት። አልተቆጣም፤ ማንን ላሰልጥን ብሎ ነው የጠየቀኝ።

በሩን በተመለከተ፣ ከጎኔ ካለችው የሌላ ቡድን መሪ ጋር ጠዋት ቡናውን በእኔ ቢሮ በር ተከፍቶ እንጠጣለን ተባብለናል። ጋሼ፣ ይኸው እጄን ተጠቀምኩ።

ጡረተኛው
ተባረኪ ልጄ። ቡናው ላይ ባለሙያዎቹንም ጥሪ።

ፈረቃ ለ
የእርሳሱን ነገር ወድጄዋለሁ። ፎርማችን ላይ «ምክንያት» የሚለውን ቦታ አስፉልን ብዬ ነገ አመለክታለሁ። እስከዚያ ጀርባው ላይ እንጻፍ ብለን ከሌሊቱ ልጅ ጋር ተነጋግረናል። ፈረቃ ሐ ላይ ግን አዲስ የተመደበችው ልጅ ወጪውን ሰው ጨርሶ አታገኘውም፤ ሰርቪሱ ቀድሞ ይወጣል። ለእሷ ምን እንደማደርግ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ሐይቅ ዳር
ፈረቃ ለ፣ እኛ ሪሰፕሽን ላይ ይህ ችግር ነበረብን። የማታዋ ልጅ ሰርቪስ ውስጥ ሆና ለጠዋቱ ሰው በስልኳ ድምፅ ቀድታ ትልካለች። «ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት ተጣልተው አድረዋል፤ ቁርስ አብራችሁ አታስቀምጧቸው» ዓይነት ነገር። ፎርም ላይ የማይጻፍ ሁሉ በድምፅ ይመጣል። ኔትወርክ ከሌለ ግን አይሠራም።

አባይ ማዶ
ሽምብጥ ዳር፣ አንድ ማስጠንቀቂያ። ስለ እርሳሱ ለጸሐፊዬ ነገርኳት። «ፋይል ከመግባቱ በፊት መዝገብ ቤት ላጲስ አለው» አለችኝ። ዛሬውኑ ደብተር ግዢና ገልብጪው፤ ከጎኑ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ጻፊበት። ስልክሽ ፎቶ ላይ አትተማመኚ ብላሻለች፣ እሷ ናት ያለችው።